የፆታ ሆርሞን ምርመራ ወረቀት እንዴት ይነበባል? ለደሴና ለኮምቦልቻ ታካሚዎች

የፆታ ሆርሞን ምርመራ ውጤት በእጁ የገባ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ከቁጥሩ ጎን «ከፍተኛ» ወይም «ዝቅተኛ» ተብሎ በሰፈረው ምልክት ላይ ነው። ቁጥሩ ግን የሚናገረው ደም በተቀዳበት ሰዓት ምን ያህል ሆርሞን በደም ውስጥ ይዘዋወር እንደነበረ ብቻ ሲሆን፣ ያ ሆርሞን በሰውነት ላይ ምን እንደሠራ የሚወስነው በየሕዋሱ ውስጥ የሚጠብቀው ተቀባይ የተባለ ፕሮቲን ነው። ይህ መመሪያ ሐኪምን አይተካም፤ ወደ ሐኪሙ ሲገቡ ትክክለኛ ናሙና ሰጥተው፣ ትክክለኛ ጥያቄ ይዘው እንዲገቡ ግን ይረዳዎታል።

አሠራሩ

ቴስቶስትሮን፣ ኢስትራዳዮልና ፕሮጄስትሮን ሁሉም የሚሠሩት ከኮሌስትሮል ነው። ቴስቶስትሮን አሮማቴዝ በሚባል ኢንዛይም አማካይነት ወደ ኢስትራዳዮል ስለሚለወጥ፣ አንዱን የወንድ፣ ሌላውን የሴት ብሎ መክፈል በንግግር ካልሆነ በቀር በሰውነት ውስጥ የለም፤ እንዲያውም በዕድሜ የገፋ ወንድ የወር አበባዋ ካቆመ እኩያው የበለጠ ኢስትራዳዮል በደሙ ውስጥ ይገኛል። ምርቱን የሚያዝዘው አንጎል ነው። ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል በየተወሰነ ጊዜ ምልክት ይልካል፣ ፒቱታሪ ዕጢም ኤል.ኤች. እና ኤፍ.ኤስ.ኤች. የተባሉትን ሆርሞኖች ወደ ደም ይለቅቃል፣ እነዚህም የዘር ፍሬንና የእንቁላል ዕጢን ያሠራሉ። የሚመረተው ሆርሞን ሲበዛ አንጎል ትእዛዙን ይቀንሳል፤ ሲያንስ ይጨምራል። ወረቀቱ ላይ ኤል.ኤች. እና ኤፍ.ኤስ.ኤች. ከፍ ብለው ቴስቶስትሮን ወይም ኢስትራዳዮል ዝቅ ካለ ችግሩ በአብዛኛው በዕጢው ላይ ሲሆን፣ ሁሉም አንድ ላይ ዝቅ ካሉ ግን መፈለግ ያለበት ወደ አንጎል በኩል ነው።

በደም ውስጥ ካለው ቴስቶስትሮን ውስጥ ነጻ ሆኖ የሚዘዋወረው ከ1 እስከ 3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። የቀረው አልቡሚንና ኤስ.ኤች.ቢ.ጂ. በተባሉ ፕሮቲኖች ተይዟል። ውፍረት ኤስ.ኤች.ቢ.ጂ.ን ስለሚቀንስ የወፍራም ሰው ጠቅላላ ቴስቶስትሮን ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ ነጻው ግን በቂ ሊሆን ይችላል። ኢስትሮጅን (ኢስትራዳዮል የሚመደብበት የሆርሞን ቡድን) ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብልና የጉበት በሽታ ደግሞ ኤስ.ኤች.ቢ.ጂ.ን ከፍ ያደርጉታል።

ነጻው ሆርሞን በሕዋሱ ሽፋን አልፎ ይገባና ከተቀባዩ ጋር ይጣበቃል። ተቀባዩ ቅርጹን ይለውጣል፣ ሁለት ሁለት እየሆነ በዲ.ኤን.ኤ. ላይ በተወሰኑ ቦታዎች ያርፋል፣ በዚያ ያሉ ዘረመሎችም ሥራ እንዲጀምሩ ወይም እንዲያቆሙ ያደርጋል። የዚህ ውጤት በሰውነት ላይ የሚታየው ከሰዓታት እስከ ሳምንታት ባለው ጊዜ ነው፤ በዛሬ መርፌ ነገ ለውጥ የሚጠብቅ ታካሚ ይህን ማወቅ አለበት። በትምህርት ቤት ሆርሞንና ተቀባይ እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር ናቸው ይባላል። ምሳሌው ለመጀመሪያ ትምህርት ይበቃ ይሆናል፤ ነገር ግን ጓጉንቸር በገባበት ቁልፍ ዓይነት ቅርጹ አይለወጥም፣ ተቀባይ ግን ይለወጣል። ታሞክሲፌን የተባለው የጡት ካንሰር መድኃኒት ከኢስትሮጅን ተቀባይ ጋር ሲጣበቅ በጡት ውስጥ ሥራውን የሚያግደው፣ በማኅፀን ሽፋን ላይ ግን የሚያነሣሣው በዚህ ምክንያት ነው፤ በተጨማሪም በየአካሉ ከተቀባዩ ጋር አብረው የሚሠሩት ፕሮቲኖች ይለያያሉ።

ደም ለመስጠት የሚሄዱበት ቀንና ሰዓት

የወንድ ቴስቶስትሮን የሚለካው ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት፣ ቢቻል ምግብ ሳይበላ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣ ታካሚ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ ካርድ ማውጣቱና ተራ መጠበቁ ተደማምሮ ደሙ እኩለ ቀን ላይ ሊቀዳ ይችላል፤ እንዲህ ካጋጠመ በሌላ ቀን መመለስ ዝቅ ብሎ በሚታይ ቁጥር ላይ ሕክምና ከመጀመር ይሻላል። በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ ወንዶች ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። ቴስቶስትሮን ከፍ የሚለው እንቅልፍን ተከትሎ ስለሆነ፣ ሌሊቱን ሠርቶ በቀጥታ ወደ ላቦራቶሪ የሚሄድ ሰው ናሙና ለንጽጽር አይመችም። ፈረቃውን ለሐኪሙ ተናግሮ፣ በቂ ተኝቶ ከተነሣ በኋላ በ2 ወይም በ3 ሰዓት ውስጥ ቢሰጥ የተሻለ ነው። በረመዳን የእንቅልፍ ሰዓት ስለሚዛባ፣ ጉዳዩ አጣዳፊ ካልሆነ ከዒድ በኋላ ማድረጉ ይመረጣል። ዝቅተኛ ውጤት በሌላ ቀን ጠዋት ሳይደገም ብቻውን ምርመራውን አይደመድምም።

ለሴቶች የሚቆጠረው ከሰዓቱ ይልቅ ቀኑ ነው። ደም መፍሰስ የጀመረበት ቀን 1ኛው ቀን ይባላል። ኤፍ.ኤስ.ኤች.፣ ኤል.ኤች. እና ኢስትራዳዮል ከ2ኛው እስከ 5ኛው ቀን ባለው ጊዜ ይለካሉ። እንቁላል መውጣቱን ለማወቅ የሚሰጠው የፕሮጄስትሮን ምርመራ የሚደረገው ቀጣዩ የወር አበባ ከሚጠበቅበት 7 ቀን ቀደም ብሎ ነው፤ ማለትም ዑደቷ 28 ቀን ለሆነች በ21ኛው፣ 35 ቀን ለሆነች ግን በ28ኛው ቀን። ብዙ ሴቶች ዑደታቸው ምንም ያህል ቢሆን «በ21ኛው ቀን ነይ» እየተባሉ፣ ውጤቱ ዝቅ ሲል መካን የሆኑ እየመሰላቸው ይጨነቃሉ። የወር አበባዎን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መዝግበው ከሆነ ከወረቀቱ ጋር ሲያመሳክሩ ይጠንቀቁ፤ የላቦራቶሪ መሣሪያ በአብዛኛው የሚያትመው በአውሮፓ ቀንና ሰዓት ስለሆነ፣ በወረቀቱ ላይ 8፡00 ተብሎ የተጻፈው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው።

የሚወስዱትን ሁሉ ሳይደብቁ ይናገሩ። የሦስት ወር መርፌ የምትወጋ ወይም በክንዷ ኢምፕላኖን ያስቀበረች ሴት ሆርሞኗ የሚለካው መድኃኒቱ በሚሠራበት ሁኔታ ስለሆነ፣ ውጤቱ ስለ እንቁላል ዕጢዋ ተፈጥሯዊ አሠራር ብዙም አይናገርም። መርፌውን ካቆሙ በኋላም ቢሆን ከመጨረሻው መርፌ ጀምሮ እርግዝና እስኪመጣ በአማካይ 10 ወር ገደማ ይወስዳል። የማቅለሽለሽ መድኃኒቱ ሜቶክሎፕራማይድ፣ እንዲሁም የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶቹ ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚንና ሪስፔሪዶን ፕሮላክቲን የተባለውን የጡት ወተት ሆርሞን ከፍ በማድረግ የወር አበባን ሊያስቀሩ ይችላሉ። ለጸጉርና ለጥፍር የሚወሰድ ባዮቲን ደግሞ በሰውነት ውስጥ ያለውን ሆርሞን ሳይነካ መሣሪያውን ያሳስተዋል፤ ቢያንስ ከ2 ቀን በፊት ማቆም ያስፈልጋል።

ቁጥሩን ማንበብ

መጀመሪያ መለኪያውን ይመልከቱ። የአዋቂ ወንድ ጠቅላላ ቴስቶስትሮን በዴሲሊትር ከ300 እስከ 1000 ናኖግራም ገደማ ሲሆን፣ ይኸው መጠን በሊትር በናኖሞል ሲጻፍ ከ10 እስከ 35 ይሆናል። አንዱ ላቦራቶሪ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ሊጽፍ ስለሚችል፣ «ባለፈው 450 የነበረው አሁን 16 ሆነ» ብለው ከመደንገጥዎ በፊት 16 ናኖሞል ከ460 ናኖግራም ጋር እንደሚቀራረብ ያስታውሱ። ኢስትራዳዮልም በሚሊ ሊትር በፒኮግራም ወይም በሊትር በፒኮሞል ይጻፋል፤ የመጀመሪያውን በ3.67 ማባዛት ሁለተኛውን ይሰጣል። ኢስትራዳዮል በዑደቱ መጀመሪያ ከ20 እስከ 80 ፒኮግራም ገደማ ሆኖ፣ እንቁላል ከመውጣቱ በፊት ከ200 በላይ ይወጣል፤ ስለዚህ ቀኑ ያልተጻፈበት ቁጥር ትርጉሙ ጥቂት ነው። ፕሮጄስትሮን በትክክለኛው ቀን ተለክቶ በሚሊ ሊትር ከ3 ናኖግራም በላይ ከሆነ እንቁላል መውጣቱን ያመለክታል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ይግባ። ልጅ የሚፈልግ ወንድ ቴስቶስትሮኑ ዝቅ ብሏል ተብሎ የቴስቶስትሮን መርፌ ቢጀምር፣ አንጎሉ በደም ውስጥ ያለውን ብዛት አይቶ ኤል.ኤች.ን ያቆማል፤ የዘር ፍሬው የራሱን ምርት ይተዋል፣ የዘር ፈሳሹም ከዘር ሕዋስ ባዶ እስከመሆን ሊደርስ ይችላል። በጂም ቤት ከእጅ ወደ እጅ የሚሸጠው የጡንቻ መድኃኒትም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ቁጥሩ መልካም ሆኖ ተቀባዩ ሲጎድል

ቴስቶስትሮን የሚጣበቅበት የአንድሮጅን ተቀባይ ዘረመል በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ይገኛል። ይህ ዘረመል ፈጽሞ የማይሠራበት ሰው ክሮሞሶሙ እንደ ወንድ ኤክስ ዋይ ሆኖ፣ ቴስቶስትሮኑም በወንድ መጠን ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ሳለ፣ ሰውነቱ የሴት ሆኖ ያድጋል። ቴስቶስትሮኑ ወደ ኢስትራዳዮል ስለሚለወጥ ጡት ያድጋል፤ ማኅፀን ግን ስለሌለ የወር አበባ አይመጣም፣ ችግሩም ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በ15 ወይም በ16 ዓመት ዕድሜ ነው። ወረቀቱን ብቻ አንብቦ ለእንዲህ ያለች ልጅ «አንቺ ወንድ ነሽ» ማለት ጭካኔ ብቻ ሳይሆን ስሕተትም ነው፤ ሰውነቷን የቀረጸው ተቀባዩ እንጂ ቁጥሩ አይደለም። ወሬ ፈጥኖ በሚዛመትበት ከተማ ወላጆች ውጤቱን ከሐኪሙ ውጭ ለማንም ባያሳዩ ይመከራል። በ1994 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የኢስትሮጅን ተቀባዩ የማይሠራ አንድ የ28 ዓመት ወንድ በሕክምና ጽሑፍ ተዘግቦ ነበር። ቴስቶስትሮኑ ጤናማ፣ ኢስትሮጅኑም ከፍተኛ ሆኖ ሳለ፣ አጥንቱ የሳሳ ነበር፣ ቁመቱም አሁንም ይጨምር ነበር። የወንድ አጥንት እድገቱን የሚያቆመው በኢስትሮጅን መሆኑ የታወቀው በዋናነት ከእሱ ነው።

ተቀባይ ራሱ የሚመረመርበት የተለመደው ቦታ የጡት ካንሰር ነው። ይህ ምርመራ በደም አይደረግም፤ የሚደረገው ከእብጠቱ በተወሰደ ሥጋ ላይ ነው። የኢስትሮጅን ወይም የፕሮጄስትሮን ተቀባይ ከተገኘ ታሞክሲፌንን የመሰለ መድኃኒት ይጠቅማል፣ ካልተገኘ አይጠቅምም። ናሙናው ከተቆረጠ በኋላ በ1 ሰዓት ውስጥ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ካልገባ ተቀባዩ ይበላሽና ውጤቱ በሐሰት «የለም» ሊል ይችላል። ናሙናውን ወደ ፓቶሎጂ (የሥጋ ናሙና ወደሚመረመርበት ክፍል) የሚያደርሰው የታካሚዋ ቤተሰብ ከሆነ፣ ዕቃው በፎርማሊን እንጂ በጨው ውኃ አለመሞላቱን ይጠይቅ፤ የተቆረጠበትንና ፎርማሊን ውስጥ የገባበትን ሰዓት በዕቃው ላይ ያስጽፍ፤ ከ72 ሰዓት በላይ ሳይቆይም ያድርስ። ምርመራው ሲያልቅ በሰም የተቀመጠው የሥጋ ቁራጭ እንዳይጣል ይጠይቅ፤ የተቀባዩ ምርመራ በኋላ ሌላ ከተማ መደገም ቢያስፈልግ የሚሠራው በእሱ ላይ ነው።