ታይ ቺን ለራስ መከላከል፦ ከጀማሪነት ወደ መካከለኛ ደረጃ መሸጋገር

በዝግታ የሚሠራውን የቻይና ማርሻል አርት ታይ ቺን የሚጀምር አብዛኛው ሰው በቅድሚያ የሚማረው እ.ኤ.አ. በ1956 የቻይና የስፖርት ኮሚሽን ያዘጋጀውን ባለ 24 እንቅስቃሴ ቅደም ተከተል ነው። ይህ ቅደም ተከተል ያንግ ከሚባለው የታይ ቺ ስልት አጥሮ የተዘጋጀው ሰፊው ሕዝብ ለጤናው እንዲሠራው በመሆኑ፣ ጠንቅቆ የያዘው ሰው ሚዛኑና አተነፋፈሱ ቢሻሻልም፣ ደረቱን ድንገት የሚገፋ ሰው ሲገጥመው ግን የተማረው ሁሉ ይጠፋበታል። ስለዚህ በመካከለኛው ደረጃ ዋናው ሥራ የሚታወቁትን ጥቂት እንቅስቃሴዎች በሚገፋና በሚጎትት ሰው ላይ መሞከር ነው፤ ተጨማሪ ቅደም ተከተል መሸምደዱ ሊቆይ ይችላል።

ለዚህ ደረጃ ብቁ የሚባለው ቀጣዩን እንቅስቃሴ ለማስታወስ ሳይቆም የሚሠራ፣ ክብደቱ በየትኛው እግሩ ላይ እንዳረፈ ምንጊዜም የሚያውቅ፣ ሲታጠፍም ጉልበቱ ከእግር ጣቶቹ አቅጣጫ የማይወጣ ሰው ነው። የጉልበቱ ነገር በዋዛ መታለፍ የለበትም፤ ጉልበቱን ወደ ውስጥ እየጣለ የሚዞር ሰው የሌላ ሰው ግፊት ሲጨመርበት መገጣጠሚያውን ሊጎዳ ይችላል።

በመጀመሪያ «የድንቢጥን ጭራ መያዝ» የሚባለውን ክፍል ነጥለው ያውጡ። አራቱ መሠረታዊ ኃይሎች በዚህ ውስጥ ይገኛሉ፤ እነርሱም ክንድን ሳያደርቁ ወደ ውጭ ወጥሮ የሚይዘው ፐንግ፣ የመጣውን ኃይል በጎን የሚያሳልፈው ሉ፣ ሁለቱን ክንዶች አጣምሮ የሚጫነው ጂ እና በመዳፍ የሚገፋው አን ናቸው። ለራስ መከላከል እጅግ ጠቃሚው፣ በስህተት በመሠራትም የሚታወቀው ሉ ነው። ቀኝ እግርዎ ከፊት እንዳለ ባልደረባዎ በግራ እጁ ደረትዎን ሲገፋ፣ በግራ እጅዎ የእጁን አንጓ ይንኩ፤ ቀኝ ክንድዎን ደግሞ ከክርኑ ጥቂት ከፍ አድርገው ያሳርፉ። ከዚያም ክብደትዎን ወደ ኋላኛው ግራ እግር እያሳለፉ ወገብዎን ወደ ግራ ሲያዞሩ፣ ባልደረባዎ በገዛ ግፊቱ ተስቦ በጎንዎ ያልፋል። በእጅዎ ከጎተቱት ወዲያውኑ ተሰምቶት ወደ ኋላ ይመለሳል። ክርንዎ ከጎድንዎ ጋር ከተጣበቀ ደግሞ ፐንግ ጠፍቷልና ከመጀመሪያው ይጀምሩ።

ቀጥሎ የሚመጣው በቻይንኛ ቱዪሾው የሚባለው እጅ ለእጅ የመገፋፋት ልምምድ ነው። እግር ሳይነቃነቅ በአንድ እጅ ይጀመራል፤ የሁለቱ ሰዎች የእጅ አንጓ ጀርባ ተነካክቶ በዝግታ ክብ ይሠራል። ይህ ሲለመድ ወደ ሁለት እጅ፣ በመጨረሻም እየተራመዱ ወደመሥራት ይታለፋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አሸናፊና ተሸናፊ ባይኖር ይመረጣል፤ ለማሸነፍ የሚታገል ጀማሪ ትከሻው ይደርቃልና የሌላውን ኃይል መነሻ መለየት አይችልም። ሚዛንዎን ሲስቱም ከእጅዎ በፊት እግርዎንና ወገብዎን ይመርምሩ፤ ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ነው።

ድንገት መንጨቅን፣ ክርንንና ትከሻን የሚጠቀሙት የቀሩት ኃይሎች አሰልጣኝ በሌለበት አይሞከሩ፤ በተለይ ሲነጭቁ የባልደረባን ክርን መጉዳት ቀላል ነው። ቼን በሚባለው የታይ ቺ ስልት ጎልቶ የሚታየው ፋጂን፣ ማለትም ኃይልን በቅጽበት ማፈንዳት፣ በባዶ አየር ላይ ከሚደጋገም ይልቅ ባልደረባ በያዘው ፓድ (የመምቻ ትራስ) ላይ ቢሠራ ለመገጣጠሚያም ይሻላል፣ ኃይሉም መድረስ አለመድረሱ ይታወቃል።

ይሁንና ቱዪሾው ብቻውን ራስን ለመከላከል አይበቃም። በልምምዱ ፊትን የሚመታ፣ ኮሌታ ይዞ የሚያንቅ ወይም ከኋላ የሚይዝ የለም፤ ይህን ሳያስተውሉ ለዓመታት ተለማምደው ራሳቸውን ተዋጊ አድርገው የሚቆጥሩ ጥቂቶች አይደሉም። ስለዚህ ባልደረባዎ የእጅዎን አንጓ እንዲይዝ፣ ደረትዎን እንዲገፋ፣ ከጎን በሚዞር ቡጢ እንዲሰነዝር ያድርጉ፤ በመጀመሪያ በዝግታና አስቀድሞ አስታውቆ፣ በኋላ ፈጠን ብሎ፣ በመጨረሻም ሳያስታውቅ። በየዙሩ ከእጁ ከተላቀቁ በኋላ ሁለት ሦስት እርምጃ ርቀው መውጫ በሩን መመልከትን የልምምዱ አካል ያድርጉት። ስለት ከያዘ ሰው ግን መሮጥን የመሰለ መከላከያ የለም።

በኢትዮጵያ ከታይ ቺ ይልቅ ቴኳንዶ የሚሠራ ሰው ማግኘት ስለሚቀል፣ የሚያውቁት ቴኳንዶኛ ካለ በመከላከያ ልብስና በተስማማችሁበት ፍጥነት እንዲሰነዝርብዎ ይጠይቁት። ቴኳንዶኛው ከሩቅ ይረግጣል፣ ሉ ደግሞ የሚሠራው እጅ ለእጅ ከተነካካ በኋላ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚለማመዱት እርግጫው ሳያገኝዎ ክልሉን አልፎ ወደ ውስጥ መግባትን ይሆናል።