ጎጃም ሆኖ ለኮምፒውተር ጥገና ማረጋገጫ መዘጋጀት

በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሕር ዳር በኮምፒውተር ጥገና ለመተዳደር የሚያስብ ሰው ሊይዛቸው የሚችሉ ሁለት የጀማሪ ማረጋገጫዎች አሉ። አንደኛው ሁላችንም ሲኦሲ የምንለው የሙያ ብቃት ምዘና ሲሆን፣ ሁለተኛው ኮምፕቲያ የተባለው የአሜሪካ ተቋም የሚሰጠው ኤ ፕላስ ነው። ሲኦሲ ከጽሑፉ ሌላ የተግባር ምዘና ስላለውና ለእርሱ ሲባል የሠለጠነ እጅ ለኤ ፕላስም ስለሚጠቅም፣ በእርሱ መጀመሩን እመርጣለሁ።

ኤ ፕላስን ለማግኘት 220-1201 እና 220-1202 የተባሉትን ሁለት ፈተናዎች ማለፍ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ቢበዛ 90 ጥያቄዎችን በ90 ደቂቃ የሚያስጨርስ ሲሆን፣ ማለፊያው ከ900 ለመጀመሪያው 675፣ ለሁለተኛው 700 ነው። ከጓደኛ የተዋሱት መጽሐፍ ሽፋኑ ላይ 220-1101 የሚል ከሆነ፣ ያ ፈተና በፈረንጆች 2025 ስለተቋረጠ የትኛው ክፍል እንደተለወጠ ሳያጣሩ አይመኑበት።

በመጀመሪያው ፈተና ትልቁን ድርሻ፣ 28 በመቶውን፣ የሚይዘው ብልሽትን ፈልጎ ማግኘት ነው፤ ብዙ ጊዜዎን መስጠት ያለብዎትም ለዚሁ ነው። አንድ ደንበኛ «ሞተብኝ» ብሎ ዴስክቶፕ ቢያመጣ፣ ብሎን መፍቻ ከማንሣትዎ በፊት መቼ እንደቆመ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ እንደሆነና ከዚያ በፊት ማን እንደነካካው ይጠይቁ። ቀጥሎ ከጀርባው በፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኃይል በሚያከፋፍለው ሣጥን) ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ የቮልት መምረጫ ካለ ይመልከቱ፤ የአገራችን መብራት 220 ቮልት በመሆኑ፣ 115 ላይ የተተወ ፓወር ሰፕላይ ሲሰካ ይፈነዳል። እኔ ይህን የተማርሁት በራሴ ገንዘብ ነው፤ ሽታው ከክፍሌ ለመውጣት ሁለት ቀን ፈጅቷል። መምረጫው 230 ላይ ከሆነ ቮልት በሚለካው መሣሪያ፣ በመልቲሜትር፣ ከፓወር ሰፕላዩ የሚወጣውን ቢጫ ሽቦ ከጥቁሩ ጋር ይለኩ፤ ንባቡ ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት መካከል መሆን አለበት። ኃይሉ ትክክል ሆኖ ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ፣ ገመዱን ከግድግዳ ነቅለው ራሙን (የማስታወሻ ካርዱን) ያውጡ፣ እግሩን በላጲስ ቀስ ብለው ጠርገው መልሰው ይሰኩ። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ከለወጡ የትኛው እንዳዳነው አያውቁም።

የፈተናው አካሄድም ይኸው ነው፤ ችግሩን መለየት፣ መንስኤውን መገመት፣ ግምቱን መፈተሽ፣ አቅዶ መጠገን፣ ሁሉም ነገር መሥራቱን ማረጋገጥ፣ በመጨረሻም የተደረገውን መጻፍ። መጻፉን አብዛኞቻችን በሥራ ላይ እንዘለዋለን፤ ፈተናው ግን አይዘለውም፤ ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ማሽን በደብተር አንድ ገጽ ይስጡት።

ሁለተኛው ፈተና በዊንዶውስ፣ በደኅንነት፣ በሶፍትዌር ብልሽትና በአሠራር ሥርዓት ላይ ያተኩራል፤ በየቀኑ ፎርማት ለሚያደርግ ሰው ትእዛዞቹን በስማቸው ማወቁ ብቻ ነው የሚጎድለው።

ሲመዘገቡ ስምዎን በፓስፖርትዎ ላይ በላቲን ፊደል እንደተጻፈው ፊደል በፊደል ያስገቡ፤ አንድ ስም በሦስት ዓይነት መንገድ መጻፍ ለለመድነው ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፈተናውን በኢንተርኔት ከቤት መውሰድም ይፈቀዳል፤ መብራትና ኔትወርክ መሀል ላይ ሊጠፉ በሚችሉበት ከተማ ግን አዲስ አበባ በሚገኝ የፒርሰን ቪዩኢ (ፈተናውን የሚያስፈትነው ድርጅት) ማዕከል መቀመጥ ይሻላል። ከደብረ ማርቆስ መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ በዓባይ በረሃ ስለሚያልፍ አንድ ቀን ቀድመው ይግቡ። የቀጠሮው ሰዓት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የሚጻፈው፤ ወረቀቱ ላይ 9:00 ቢል ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለት ነው፤ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ የደረሰ ሰው የከፈለውን ገንዘብ አያስመልስም።