ከአሜሪካ የመጣው ዲቪዲ ለምን እምቢ እንዳለኝ

እህቴ ከዋሽንግተን የላከችልኝን የልጆች ፊልም አዲስ አበባ ያለው ማጫወቻዬ አላነሣም አለ። ቴሌቪዥኑ ላይ ስለ «ሪጅን» የሚያወራ አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ ይመጣል፤ እኔም እንደ ተራ ብልሽት ቆጠርኩት።

ዲስኩን በለስላሳ ጨርቅ ጠረግሁ፣ ገመድ ቀየርኩ። በሦስተኛው ቀን ሌንሱን አስለወጥኩ፤ ገንዘቤ በከንቱ ሄደ። እዚህ የገዛኋቸው ዲስኮች ግን ሁሉም ይሠሩ ነበር። ይህን ልብ ማለት የነበረብኝ ገና በመጀመሪያው ቀን ነው።

መልሱ ሽፋኑ ጀርባ ላይ ተቀምጧል፦ ከጥፍር የማትበልጥ የሉል ሥዕል፣ መሐሏ ላይ 1 ቁጥር። ቁጥሩ ዲስኩ እንዲሠራ የተፈቀደበትን የዓለም ክፍል፣ ማለትም «ሪጅን» የሚባለውን ያሳያል። 1 አሜሪካና ካናዳ ነው፤ ምዕራብ አውሮፓ 2፣ ኢትዮጵያ ደግሞ 5። የማጫወቻዬ ጀርባም 5 ይላል፤ ስለዚህ የ1 ዲስክ አይቀበልም።

ላፕቶፕ ላይ የሚሰካ የዲቪዲ ማንበቢያ ነበረኝ። ዊንዶውስ ላይ «ዲቫይስ ማኔጀር» ከፍቼ፣ በማንበቢያው «ፕሮፐርቲስ» ሥር «ዲቪዲ ሪጅን» ከሚለው ዩናይትድ ስቴትስን መረጥኩ። ከዚያ ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቼ ቪኤልሲ በተባለ የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም ከፈትኩት፤ ሠራ። ብቻ አትቸኩሉ፦ ለውጡ የሚፈቀደው 5 ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማንበቢያው በመጨረሻው ምርጫ ላይ ይቆለፋል።

አሁን እህቴ ከመግዛቷ በፊት የሽፋኑን ጀርባ ፎቶ ትልክልኛለች። 0 ወይም «ኦል» (በሁሉም ሪጅን የሚሠራ ማለት ነው) የሚል ካየሁ ግዢ እላታለሁ።