ወጣት ገበሬና የአየር ንብረት ፖሊሲ ላይ ፒኤችዲ ስትሰሩ ከየት እንደምትጀምሩ

ይሄን የምፅፈው ይሄን ርዕስ ይዘው ፕሮፖዛል ላይ ለቆሙ ሰዎች ነው። የወጣት ገበሬዎች ማንነት የአየር ንብረት ፖሊሲን በመቀበላቸው ላይ ያለው ተፅእኖ፣ ሲነበብ ግልፅ ነው አይደል? ውስጡ ግን አራት ያልተፈቱ ቃሎች አሉ፣ ወጣት፣ ማንነት፣ ፖሊሲ፣ መቀበል፣ እና አራቱንም ቁጭ ብላችሁ ካልፈታችኋቸው ዳታው ተሰብስቦ አልቆም ምን እንደለካችሁ አታውቁም። እኔ የመጀመሪያ ዙር ኢንተርቪዎቼን ትቼ እንደገና መጀመር ነበረብኝ፣ ምክንያቱም ሰዎቹን "የአየር ንብረት ፖሊሲን ትደግፋላችሁ ወይ" ብዬ ነበር የጠየቅኳቸው፣ አንዱ ስለ ነዳጅ ያወራል፣ አንዱ ስለ ማዳበሪያ፣ አንዱ ደግሞ በአጠቃላይ መንግስት ላይ ስላለው ምሬት፣ ሶስቱን መልስ አንድ ላይ አድርጎ ማነፃፀር አይቻልም።

ስለዚ ከፖሊሲው ጀምሩ። አንድ፣ ቢበዛ ሁለት የተወሰነ ፖሊሲ ምረጡ። ዴንማርክ በ2024 (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምፅፈው) ከብት በሚለቀው ጋዝ ላይ ታክስ ለመጣል ተስማማች፣ ከ2030 ጀምሮ በአንድ ቶን ልቀት 300 የዴንማርክ ክሮነር ሆኖ በ2035 ወደ 750 ያድጋል፣ ግን 60 ፐርሰንቱ ተቀናሽ ስለሚሆን መጀመሪያ ላይ ገበሬው ላይ በተግባር የሚያርፈው 120 ክሮነር አካባቢ ነው። ኒውዚላንድ ደግሞ የእርሻን ልቀት ዋጋ ለማስከፈል ስትዘጋጅ ቆይታ በ2024 እርሻን ከልቀት ንግድ ስርአቷ ውጭ አደረገች፣ በ2025 ደግሞ የእርሻ ሚቴን ታክሱን ጨርሳ ተወችው። ጀርመን ውስጥ በ2023 መጨረሻ መንግስት የእርሻ ናፍጣ ድጎማን ላንሳ ሲል ትራክተሮች በርሊን ገቡ፣ ይሄኛው ከበጀት ጉድለት የመጣ ውሳኔ ነው፣ ግን ድጎማው አየር ንብረትን ይጎዳል ተብሎም ይተች ነበር፣ ታዲያ የአየር ንብረት ፖሊሲ እንበለው ወይስ አንበለው? መልሱ እናንተ ጋር ሳይሆን ገበሬው ጋር ነው ያለው፣ እሱ እንዴት አድርጎ ተረዳው ነው ጥያቄው፣ ይሄ ራሱ አንድ ቻፕተር ይወጣዋል። ታክስ፣ ክልከላና ማበረታቻ ክፍያ ደግሞ በፍፁም አንድ ላይ አይጨመቁም፣ ዛፍ ለመትከል ገንዘብ መቀበልና የከብት ቁጥር ቀንስ መባል ለሰውየው የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከዛ መቀበል የሚለው አለ። ህጉ ከመምጣቱ በፊት ያለ አስተያየትና ከመጣ በኋላ አብረውት ሲኖሩ ያለ አስተያየት ይለያያል፣ ሊትሬቸሩም ሁለቱን ይለያቸዋል። ከዛም ውስጥ ዝም ብሎ ፎርሙን መሙላት አለ፣ ሳይወዱ ችሎ መኖር አለ፣ ለሌላው ገበሬ ጥሩ ነገር ነው ብሎ መከራከር አለ። ፕሮግራሙን ፈርሞ ክፍያውን እየወሰደ በልቡ የሚጠላው ሰው አጋጥሞኛል፣ ሰርቬዬ ላይ ግን "ተቀብሏል" ተብሎ ነበር የሚመዘገበው። ቢያንስ ባህሪውን፣ አመለካከቱንና በአደባባይ የሚለውን ለየብቻ ለኩ።

ወጣት የሚለውን በእድሜ ብቻ አትዝጉት። ተመድ ለስታቲስቲክስ 15–24 ይላል፣ የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተር 15–35፣ የአውሮፓ ህብረት የእርሻ ፖሊሲ ደግሞ የወጣት ገበሬን የላይኛ ጣሪያ አገራቱ ከ35 እስከ 40 ባለው ውስጥ እንዲወስኑ ያደርጋል። አንዱን ምረጡና ምክንያቱን ፃፉ፣ በቃ። ከእድሜው የበለጠ የሚያስጨንቀው ማን ነው የሚወስነው የሚለው ነው። የ28 አመት ልጅ ሆኖ መሬቱ በአባቱ ስም፣ የባንክ ሂሳቡ በአባቱ እጅ፣ እሱ ግን ቀኑን ሙሉ የሚሰራው ሰው አለ፣ እሱን "ይሄን ፖሊሲ ትቀበላለህ" ብትሉት የሚመልስላችሁ የራሱን ነው ወይስ የቤቱን? ከእርሻ ቤተሰብ ሳይሆን መሬት ተከራይቶ የገባውም አለ፣ ያገባችና መሬቱ ላይ እኩል እየሰራች በወረቀት ላይ ስሟ የሌለ ሴትም አለች። ስለዚ እድሜ፣ መሬቱ የማን ነው፣ ውሳኔው የማን ነው፣ ብድር አለ ወይ፣ አራቱንም ጠይቁ። ብድሩን ደግሞ እንዳትረሱት አደራ! አዲስ በረት ለመስራት ለ20 አመት የተበደረ ወጣት የከብት ቅነሳ ሲባል የሚሰማው ከአባቱ የተለየ ነው፣ አባቱ ከፍሎ ጨርሷል። በ2025 25 አመቱ የሆነ ልጅ ብዙ አገራት የተጣራ ልቀታቸውን ዜሮ ለማድረግ ግብ ያደረጉት 2050 ሲደርስ ገና 50 አመቱ ነው፣ የፖሊሲውን ጊዜ በሙሉ የሚኖርበት እሱ ነው። ወጣት ስለሆነ ለአካባቢ ያስባል ብላችሁም አትጀምሩ፣ ወጣት ስለሆነ የሚያጣው ብዙ ነው የሚለውም እኩል ያስኬዳል።

አሁን ማንነት። ቲዎሪ ስትመርጡ ሶስት አራት አንድ ላይ አትሰብስቡ። የስነልቦና ምሁራኑ የታጅፈልና የተርነር የ1979ኙ የሶሻል አይደንቲቲ ቲዎሪ "እኛ ገበሬዎች" እና "እነሱ ከተሜዎች" የሚለውን ለማየት ነው የሚጠቅመው። የሶሲዮሎጂ ምሁራኑ የስትራይከርና የበርክ መስመር ደግሞ ገበሬነትን እንደ ሚና አይቶ አንድ ሰው ራሱን የሚለካበት መስፈርት ከውጭ ከሚሰማው ጋር ሲጋጭ ምን ያደርጋል ይላል። ለኔ በጣም የሰራው ግን በርተን የሚባል ተመራማሪ በ2004 የፃፈው "ጥሩ ገበሬ" የሚለው ሀሳብ ነው፣ ገበሬ የገበሬን ማሳ ከመንገድ ሆኖ ያነባል፣ ረድፉ ቀጥ ያለ ነው ወይ፣ አረም አለው ወይ፣ ሰብሉ እኩል ወጥቷል ወይ፣ ክብር የሚገኘው ከዛ ነው። አሁን አንድ ፖሊሲ መጥቶ የማሳህን ጠርዝ ሳይታረስ ተወው፣ ሳር ይውረሰው ቢልህ ክፍያው ቢሸፍንልህ እንኳን ጎረቤት የሚያየው አረም ነው፣ ከመንገድ ሲታይ ሰነፍ ትመስላለህ። ተቃውሞው ስለ ገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ክፍያ በጨመረ ቁጥር ይጠፋ ነበር። የኔ ቲሲስ በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው፣ ፖሊሲው ገበሬው ጋር ሲደርስ "አንተ ጥሩ ገበሬ ነህ ወይስ አይደለህም" የሚል ፍርድ ሆኖ ነው የሚሰማው። ወጣቱ ደግሞ ገና ያንን ክብር ለማግኘት እየሞከረ ስለሆነ ፍርዱ እሱ ላይ ይከብዳል።

በአማርኛ የምትጠይቁ ከሆነ ይቺን ልብ በሉ። ማንነት የሚለውን ቃል በጥያቄ ወረቀት ላይ አታስገቡት፣ ማንነትህ ምንድን ነው ሲባል ሰው የሚሰማው ብሄር ነው፣ ከዛ በኋላ ኢንተርቪው የለም። "ራስህን እንዴት ነው የምታየው"፣ "ሰው ስለ ስራህ ሲጠይቅህ ምን ትላለህ" ብሎ መግባት ይሻላል። ገበሬና አርሶ አደርም አንድ አይደሉም፣ አርሶ አደር የስብሰባና የሪፖርት ቃል ነው፣ ገበሬ ደግሞ በኩራትም በስድብም ይነገራል፣ ሰውየው ራሱን በየትኛው እንደሚጠራ መዝግቡት፣ እሱ ራሱ ዳታ ነው። ስኬል (የተዘጋጀ የመለኪያ ጥያቄ) ከእንግሊዝኛ የምታመጡ ከሆነ አንድ ሰው ይተርጉመው፣ ሌላው ዋናውን ሳያይ መልሶ ይተርጉመው፣ ከዛ አምስት ስድስት ገበሬ ጋር ሄዳችሁ ጥያቄውን በራሳቸው አባባል እንዲደግሙላችሁ አድርጉ።

ፊልድ ላይ ስትወጡ ቁጭ ብሎ ከመጠየቅ ማሳውን አብሮ መዞር በጣም ይሻላል። ሰው እየሄደ ሲያወራ የሚኮራበትን ያሳያችኋል፣ የሚያፍርበትን ደግሞ አልፎት ይሄዳል፣ ሁለቱንም ፃፉ። የመጀመሪያ ጥያቄዬ ሁሌም "ጎበዝ ገበሬ ስልህ ማን ነው ፊትህ የሚመጣው፣ ምኑ ነው ጎበዝ ያስባለው" ነው፣ አየር ንብረት የሚለውን ቃል ግማሽ ሰአት እስኪያልፍ አላነሳም፣ ካነሳሁት ሰውየው ወዲያው መከላከል ይጀምራልና። ስለ ዝናብ፣ ስለ ሙቀት፣ ስለ ዘር ጊዜ ግን በራሱ ያወራል፣ ያኔ ዝም ብሎ መከተል ነው። ወጣቱንና ወላጁን ለየብቻ አናግሩ፣ ከተቻለ ደግሞ አንድ ጊዜ አንድ ላይ፣ ለብቻው የነገራችሁን አባቱ ፊት ሲቀይረው ትሰማላችሁ።

ሰርቬይ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ አለ። ማንነትን "ጥሩ ገበሬ አካባቢን ይንከባከባል" በሚል ጥያቄ ትለካላችሁ፣ መቀበልን ደግሞ "አካባቢን የሚንከባከብ ፖሊሲ እደግፋለሁ" በሚል፣ ከዛ ሁለቱ በጣም ተያያዙ ብላችሁ ትፅፋላችሁ። ተያይዘው ሳይሆን አንድ ነገር ነው ሁለቴ የጠየቃችሁት። የማንነቱ ጥያቄ ስለ ስራና ስለ ክብር ይሁን፣ የመቀበሉ ደግሞ በስም ስለተጠራው ፖሊሲ። ፍትሃዊነትንና "ይሰራል ወይ" የሚለውን እምነት የግድ አስገቡ፣ በ2022 የወጣ ስለ አየር ንብረት ታክስና ህግ የህዝብ አስተያየት 15 ምክንያቶችን ያነፃፀረ ሜታ አናሊሲስ (የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ የሚያይ ጥናት) ከሁሉም በላይ ጠንካራ ሆነው ያገኛቸው እነዚህን ሁለቱን ነው፣ እድሜና ፆታ ምናምን ደካማ ነበሩ። እነሱን ካልተቆጣጠራችሁ ማንነት ነው ያላችሁት የፍትህ ጥያቄ ሊሆን ይችላል። አቅም ካላችሁ ኮንጆይንት ኤክስፐርመንት ጨምሩበት፣ አንዱን ፖሊሲ ክፍያውን፣ አስገዳጅነቱንና ማን እንዳቀረበው (የገበሬ ማህበር ወይስ ሚኒስቴር) በእጣ እየቀያየራችሁ ማሳየት ማለት ነው፣ አቅራቢው ብቻ ተቀይሮ መልሱ ከተቀየረ ስለ ማንነት የሚናገር ነገር አገኛችሁ።

አድቫይዘሮች ብዙ ጊዜ የማይጠይቁት ግን ዲፌንስ ላይ የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ አቅጣጫው ነው። ማንነት ነው ፖሊሲን ያስጠላው ወይስ የፖሊሲው ፀብ ነው ማንነቱን የፈጠረው? ኔዘርላንድን እዩ፣ ከእርሻ የሚወጣው ናይትሮጅን ተፈጥሮን ይጎዳል የሚለው ፀብ በዋናነት የተፈጥሮ ጥበቃ ጉዳይ ቢሆንም ትምህርቱ አንድ ነው፣ በሜይ 2019 ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ናይትሮጅን ለሚለቁ ስራዎች የነበረውን የፈቃድ አሰጣጥ ውድቅ አደረገ፣ በኦክቶበር ትራክተሮች ሄግ ገቡ፣ በዛው አመት የገበሬና የዜጋ ንቅናቄ የሚባል ፓርቲ ተመሰረተ፣ በ2022 የተገለበጠ የአገሪቱ ሰንደቅ መንገድ ዳር ሁሉ ተሰቀለ፣ በማርች 2023 ፓርቲው በክፍለ ሀገር ምርጫ አንደኛ ወጣ። የተገለበጠው ሰንደቅ ከፀቡ በፊት የገበሬነት ምልክት አልነበረም። አንድ ጊዜ ብቻ የተሰበሰበ ሰርቬይ ይሄን አያሳያችሁም፣ ስለዚ ቢያንስ የተወሰኑትን ሰዎች ከአመት በኋላ ተመልሳችሁ አናግሯቸው፣ የፕሮፖዛላችሁ ካላንደር ላይ ከአሁኑ ቦታ ያዙለት።

ሰው ስታገኙ በወጣት ገበሬዎች ማህበር በኩል ብቻ አትሂዱ፣ እነሱ መናገር የለመዱት ናቸው፣ አባል ያልሆነው የተለየ ነው። በምርት መሰብሰቢያ ወቅት ኢንተርቪው አትያዙ። ማን ገንዘብ እንደሰጣችሁ ሳይጠየቅ ንገሩ፣ ገንዘቡ ከአካባቢ ጥበቃ መስሪያ ቤት ከመጣ መልሱ እንደሚቀየር አውቃችሁ ግን ንገሩ። ስም መቀየር ደግሞ አይበቃም፣ በአንድ መንደር "የ31 አመት፣ 200 ፍየል ያላት፣ ከከተማ የተመለሰች ሴት" ካላችሁ ሁሉም ሰው ያውቃታል፣ እድሜውን ከዚህ እስከዚህ በሚል ፃፉ፣ የእንስሳቱን ቁጥር አጠጋጉት፣ ካስፈለገ ዝርዝሩን አውጡት።

የመጀመሪያውን ድራፍት ከጨረሳችሁ በኋላ ለኮሚቴው ከመላካችሁ በፊት ሁለት ሶስቱ ገበሬዎች ጋር ተመለሱና ያገኛችሁትን በግማሽ ገፅ፣ ያለ ቲዎሪ ቃል ንገሯቸው። እኔ ጋር አንዱ ሰምቶኝ ሲያበቃ "ፖሊሲውን ተቃውሜያለሁ ብለሽ ፅፈሻል፣ እኔ የተቃወምኩት ሳይጠይቁኝ መፃፋቸውን ነው" አለኝ፣ ሶስተኛውን ቻፕተር ያንን ይዤ ነው እንደገና የፃፍኩት።