ለገጠር ሕዝብ የስቴት ካንሰር ዕቅድ ስታወጡ ከመንገዱ ጀምሩ

አሜሪካ ውስጥ የስቴታችሁን የካንሰር መቆጣጠሪያ ዕቅድ አዘጋጁ ተብላችሁ ከሆነ፣ ሕዝባችሁም በብዛት ገጠር የሚኖር ከሆነ፣ የሌላውን ስቴት ዕቅድ ገልብጣችሁ ስም ለመቀየር አትቸኩሉ። የገጠሩ ጣጣ ሌላ ነው። ሲዲሲ (የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል) እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣውን ሪፖርት እዩት። በጥቅሉ ሲታይ በገጠር በካንሰር የሚያዘው ሰው ከከተማው ያንሳል፤ የሚሞተው ግን ይበልጣል። ከ100,000 ሰው በዓመት በገጠር 180፣ በከተማ 158 ይሞታል። እንግዲህ በመሃል የሚጠፋ ነገር አለ። ምርመራው ይዘገያል፣ ሕክምናው ይርቃል፣ ክትትሉ ይቋረጣል። ዕቅዳችሁ የሚሠራው እዚያ መሃል ላይ ነው።

መጀመሪያ ከስቴቱ የካንሰር መዝገብ መረጃ ውሰዱ። ትንንሾቹ ካውንቲዎች (ስቴቱ የሚከፋፈልባቸው አስተዳደሮች) ላይ ቁጥሩ ባዶ ሆኖ ብታገኙት አትደንግጡ፣ ከ16 ሰው በታች ሲሆን የሰዎቹን ማንነት ለመጠበቅና ቁጥሩም ስለማያስተማምን አይታተምም። ባዶ ነው ማለት ግን ካንሰር የለም ማለት አይደለም! የ5 ዓመቱን ደምሩ፣ ጎረቤት ካውንቲዎችን አንድ ላይ አድርጉ፣ ያኔ ምስሉ ይወጣል። በተለይ በሽታው በስንተኛው ደረጃ ላይ ሳለ እንደተገኘ እዩ። ዘግይቶ የሚገኝበት አካባቢ ካለ መጀመሪያ የምትሄዱት እዚያ ነው።

ዕቅዱ በሚወጣበት ስብሰባ ላይ ዶክተርና ፕሮፌሰር ብቻ አትጥሩ። ፋርማሲስቱ ይምጣ፣ የትምህርት ቤቷ ነርስ፣ ፓስተሩ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በክሊኒኩ ቀጠሮ የምትይዘዋ ሴት ትምጣ። ማን ቀጠሮውን ለምን እንደሚሰርዝ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

ከዚያ ምረጡ። ሠላሳ ግብ የተዘረዘረበት ዕቅድ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። እኔ ብሆን ትንባሆ መቀነስን፣ ለ11 እና 12 ዓመት ልጆች የሚሰጠውን የኤች ፒ ቪ ክትባት (የማኅፀን በር ካንሰርንና ሌሎችን የሚያመጣውን ቫይረስ የሚከላከል ነው፤ ከ9 ዓመትም መጀመር ይቻላል) እና ከ45 ዓመት ጀምሮ የሚደረገውን የአንጀት ካንሰር ምርመራ አስቀድማለሁ። የሳንባ ሲቲ ስካን ብዙ ላጨሱ ከ50 እስከ 80 ዓመት ላሉ ሰዎች ነው፤ መሣሪያው የት እንዳለ ሳታዩ ግን ግብ አትጻፉ። በነገራችን ላይ ራዶንን አትርሱ። ከመሬት የሚወጣ ሽታ የሌለው ጋዝ ነው፣ ከሲጋራ ቀጥሎ ሁለተኛው የሳንባ ካንሰር መንስኤ ነው፣ ቤትን መመርመርም ቀላል ነው።

አይቻልም ለሚላችሁ የኬንታኪን ስቴት አሳዩት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ዕድሜው ለምርመራ ከደረሰው ሰው የአንጀት ካንሰር ምርመራ ያደረገው ሲሶ ያህሉ ነበር። ከአሥር ዓመት ትንሽ በለጥ ባለ ጊዜ ውስጥ ወደ ሁለት ሦስተኛ ተጠጋ።

አሁን ዋናው ጉዳይ። አንድ የ58 ዓመት ገበሬ አስቡ። ሰገራ ውስጥ ደም መኖሩን የሚያሳየው የአንጀት ካንሰር መመርመሪያ ዕቃ በፖስታ ደረሰው፣ ናሙናውን ቤቱ ሆኖ ወሰደ፣ መልሶ ላከ። (ናሙናው በበጋ ሙቀት ፖስታ ሳጥን ውስጥ ቅዳሜና እሁድን ካደረ ሊበላሽ ይችላል፤ መመሪያው ላይ «ዓርብ አትላኩ» ብላችሁ ጻፉ።) ውጤቱ ደም አለበት አለ። አሁን ኮሎኖስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ አንጀትን ከውስጥ ማየት) ያስፈልገዋል፣ እሱ ደግሞ ሁለት ሰዓት ተኩል በመኪና ነው። ማደንዘዣ ስለሚሰጠው ራሱ ነድቶ መመለስ አይችልም። ሚስቱ ሥራ ላይ ናት፣ ከብቶቹን የሚያይለት የለም። እናም ቀረ። መዝገብ ላይ «ተመርምሯል» ተብሎ ተቆጥሯል፣ ካንሰሩ ግን እዚያው አለ።

ስለዚህ «ግንዛቤ እናሳድጋለን» ብላችሁ አትጻፉ። «ደም ከተገኘባቸው ሰዎች ስንቱ በ90 ቀን ውስጥ ኮሎኖስኮፒ አደረገ?» የሚል መለኪያ ጻፉ፣ አጠገቡም ማን እንደሚደውል፣ ማን እንደሚያመላልስ፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ። ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) ላላቸው ወደ ሕክምና መመላለሻ ይሸፈናል፣ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም። በሽተኛውን እጁን ይዞ ከቀጠሮ ቀጠሮ የሚያደርስ ሰው መቅጠርም ያዋጣል፤ ሃሮልድ ፍሪማን የሚባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1990 ኒው ዮርክ ከተማ፣ ሃርለም ሠፈር የጀመሩት አሠራር ነው፣ ገጠር ላይ ደግሞ ይበልጥ ያስፈልጋል። የገጠሩን ሐኪም ከስፔሻሊስት ጋር በቪዲዮ ማገናኘትም አለ፤ ኒው ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ፕሮጀክት ኤኮ በሚባለው አሳይታለች። ሕመም ማስታገሻውንና ከሕክምና በኋላ ያለውን ክትትልም እንደዚሁ ቅርብ አምጡት።

ዕቅዱን ከማሳተማችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። በጣም ሩቅ ካለው ካውንቲ እንደሚኖር ሰው ሆናችሁ ስልክ አንሱና ለኮሎኖስኮፒ ቅርቡ ቀጠሮ መቼ እንደሆነ ጠይቁ። የሚነገራችሁን ቀን ገጽ አንድ ላይ ጻፉት።