ኦንላይን ትምህርታችሁ መሥራቱን እንዴት ታውቃላችሁ? ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ መምህራን

በዚህ ሴሚስተር ኦንላይን የምታስተምሩት ኮርስ ካለ፣ መጨረሻ ላይ የሚመጣውን የግምገማ ፎርም አትጠብቁ። ፎርሙ እጃችሁ ሲገባ ተማሪዎቹ ሄደዋል፣ ግሬዱም ገብቷል። የሚስተካከል ነገር ቢገኝ የሚጠቅመው የሚቀጥለውን ባች ነው። ለዘንድሮዎቹ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ሌላም ችግር አለው። ፎርሙ የሚጠይቀው መምህሩ ሰዓት ያከብራል ወይ፣ ድምፁ ይሰማል ወይ፣ በግልጽ ያስረዳል ወይ እያለ ነው። እነዚህ ክፉ ጥያቄዎች አይደሉም። ግን ተማሪው ወደደን ማለት ተማረ ማለት አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. ሃርቫርድ ላይ በፊዚክስ ተማሪዎች የተሠራ ጥናት ይህን ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል። አንዱ ቡድን አንደበተ ርቱዕ መምህር ሲያብራራ ቁጭ ብሎ ሰማ፤ ሌላው ደግሞ ያንኑ ርዕስ ራሱ ጥያቄ እየሠራ፣ እየታገለ ተማረው። በፈተናው የበለጡት የታገሉት ናቸው፤ ምን ያህል እንደተማሩ ሲጠየቁ ግን ያነሰ የተማሩ የመሰላቸውም እነሱው ነበሩ።

ስለዚህ ዋናው ጥያቄ አንድ ነው። ተማሪው ያለ እኛ፣ ያለ ጓደኛው፣ ያለ ሀንድአውቱ ምን መሥራት ቻለ? ይህን ደግሞ በአራተኛው ሳምንት አካባቢ ጠይቁ፤ ያኔ ገና የምታስተካክሉበት ጊዜ አለ።

መጀመሪያ፣ ትምህርቱ ደርሷቸዋል ወይ?

ተማሪዎቻችን ሁሉ ማራኪ ወይም ቴዎድሮስ ግቢ ዋይፋይ ሥር አይደሉም። የኤክስቴንሽንና የማስተርስ ተማሪው ደባርቅ፣ ጭልጋ፣ መተማ፣ ማክሰኝት ሥራ ላይ ነው። አንዱ ጤና ጣቢያ ተረኛ ነው፤ አንዷ ቀኑን ሙሉ ስታስተምር ውላ፣ ማታ ልጆቿን ካስተኛች በኋላ ነው ስልኳን የምትከፍተው። መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም አብሮ ይሄዳል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱንም እዚህ የኖረ ሰው አይረሳውም። ውጤት ዝቅ ሲል ትምህርቱ ከብዶ ነው ወይስ ጭራሽ ስላልደረሰ ነው የሚለውን መለየት የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ ምክንያቱም የሁለቱ መፍትሔ ለየቅል ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ሦስት ጥያቄ በፖል ልቀቁ። በስልክ ነው በኮምፒውተር የምትማሩት? ኔትወርክ የሚሻላችሁ ስንት ሰዓት ላይ ነው? ቪዲዮ ማውረድ ትችላላችሁ ወይስ ድምፅና ጽሑፍ ብቻ? ፖሉ ስም የማያሳይ ይሁን። ፓኬጅ መግዣ የለኝም ብሎ በሰው ፊት መናገር ያሳፍራልና። ደግሞ ልብ በሉ፣ ፖሉን የሚሞላው ኔትወርክ ያለው ሰው ነው። በሳምንቱ ግሩፑ ላይ ጭራሽ ብቅ ያላሉትን የክፍል ተወካዩ ደውሎ ያግኛቸው። ዋናው መረጃ ብዙ ጊዜ እነሱ ዘንድ ነው።

መልሱን ካገኛችሁ በኋላ ክብደት ቀንሱ። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ በመቶ የሚቆጠር ሜጋባይት ሊበላ ይችላል። የአምስት ደቂቃ ድምፅ በሴኮንድ 32 ኪሎቢት ከተቀዳ ግን 1.2 ሜጋባይት ገደማ ነው። ከአራት ስላይድ ፎቶ ጋር በቴሌግራም ከላካችሁት በደካማ ኔትወርክም ይወርዳል። ኔትወርክ ጠፍቶ ለሚሰነብትበት ጊዜ ደግሞ የሳምንቱን ማስታወሻ ግቢው በር አጠገብ ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት አስቀምጡ። ወደ ከተማ የመጣ ሰው በፍላሽ ወይም በወረቀት ይዞላቸው ይሄዳል።

ከዚያ አንድ ባልደረባችሁን አስቸግሩ። በስልክ፣ በሞባይል ዳታ፣ በተማሪ አካውንት ሙድል (ኮርሱ የተጫነበት የኦንላይን ትምህርት ሥርዓት) ላይ ገብቶ የሦስተኛውን ሳምንት አሳይመንት ይፈልግ። እናንተ አጠገቡ ቁጭ በሉና ዝም በሉ። እዚያ ጋ ነው፣ ታች ነው አትበሉ። የት እንደሚቆም፣ የት ተመልሶ እንደሚወጣ፣ "ይኼ ነው እንዴ?" የሚለው የቱ ጋ እንደሆነ ጻፉ። "ፋይናል 2 የታረመ" የሚል ስም ያለው ፋይል ከአምስት ተመሳሳይ ፋይሎች መሃል ተወሽቆ ካገኘው፣ ተማሪው አሳይመንቱን ያላስገባው ሰንፎ ላይሆን ይችላል። ይህን ለማረም ግማሽ ቀን ይበቃል፤ ከብዙ ሥልጠናም ይበልጣል ባይ ነኝ።

ቀጥሎ፣ ገብቷቸዋል ወይ?

ኮርሱ ሲጀመር አሥር ጥያቄ ስጡ። ማርክ የለውም በሏቸው፤ እውነትም አይኑረው። በአራተኛው ሳምንትና በመጨረሻው ተመጣጣኝ ጥያቄዎች መልሳችሁ ስጡ። ከዚያ ቀላል ስሌት አለ፦ አማካዩን ከመቶ አስቡና ከኋለኛው አማካይ የፊተኛውን ቀንሱ፣ የቀረውን ከ100 የፊተኛው ተቀንሶ በሚገኘው ቁጥር አካፍሉ። ክፍሉ ከ40 ተነስቶ 70 ከደረሰ፣ 30 ለ60 ሲካፈል 0.5 ነው። ሊያድግ ከሚችለው ግማሹን አድጓል ማለት ነው። ሪቻርድ ሄክ የተባለ የፊዚክስ ምሁር በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሥራ ከ6000 በላይ ተማሪዎች ያሉባቸውን 62 ኮርሶች በዚህ መንገድ ሲያወዳድር፣ በገለጻ ብቻ የተማሩት በአማካይ 0.23፣ እየተሳተፉ የተማሩት 0.48 ሆነዋል። የናንተን ቁጥር ከነዚህ ጋር አታወዳድሩ፤ ትምህርቱም ሁኔታውም ሌላ ነው። ከራሳችሁ ካለፈው ባች ጋር አወዳድሩት።

ግን ከአማካዩ ይልቅ የሚናገረው የተሳሳተው መልስ ነው። አንድ ምሳሌ ከሕብረተሰብ ጤና ልውሰድ። አንድ ቀበሌ ውስጥ 2000 ሰው ይኖራል። ዓመቱ ሲጀምር 40ዎቹ፣ አንዴ ከያዘ የማይለቅ አንድ በሽታ አለባቸው። በዓመቱ ውስጥ 30 አዲስ ሰዎችን ያዘ። የዓመቱ ኢንሲደንስ (በአዲስ የመያዝ መጠን) ስንት ነው? ስሌቱን ጻፉ።

ትክክለኛው 30 ሲካፈል ለ1960 ነው። 70 ለ2000 ብሎ የጻፈ ተማሪ አሮጌውን ታማሚ ከአዲሱ ደምሮታል፤ ኢንሲደንስና ፕሪቫለንስ (አሮጌውም አዲሱም ተደምሮ ያለው የታማሚ መጠን) ተምታተውበታል። ለእሱ ትምህርቱ ከሥሩ እንደገና መነሳት አለበት። 30 ለ2000 ያለው ግን አዲስ ታማሚ ማለት ምን እንደሆነ ገብቶታል፤ የረሳው ቀድሞ የታመመ ሰው እንደገና ሊያዝ እንደማይችል ነው። ለእሱ የሦስት ደቂቃ ድምፅ ይበቃዋል። ሁለቱም በማርክ ዜሮ ናቸው፤ ለማስተማር ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ኩዊዝ ስታወጡ እያንዳንዱ የተሳሳተ ምርጫ አንድ የታወቀ ስህተትን ይወክል። "ሁሉም መልስ ናቸው" የሚለው ምርጫ ምንም አይነግራችሁም።

ጥያቄዎቹንም ራሳቸውን ፈትሹ። ተማሪዎቹን በውጤት ደርድሩና ከላይ 27 በመቶውን፣ ከታች 27 በመቶውን ውሰዱ። 40 ተማሪ ካለ 11 እና 11 ናቸው። ጥያቄውን ከላይኞቹ 9፣ ከታችኞቹ 3 ካገኙት፣ ልዩነቱ 6 ለ11 ነው፣ ማለትም 0.55። ጥሩ ጥያቄ ነው። ከላይኞቹ 4 ብቻ አግኝተውት ከታችኞቹ 7 ካገኙት ግን መጀመሪያ የመልስ ቁልፉን እዩ፣ ቀጥሎ አማርኛው ወይም እንግሊዝኛው አሻሚ መሆኑን እዩ። ሙድል ኩዊዙ ላይ ይህን የመሰለ ስሌት ራሱ ያወጣላችኋል።

ኮፒ ጉዳይ ሁሉም የሚያውቀው ነው። መልሱ በሌላ የቴሌግራም ግሩፕ ሲዞር ያመሻል። እኔ ካሜራ ክፈቱ በሚለው አላምንም፤ ፓኬጁን ከመጨረስ በቀር ብዙም አይፈይድም። የሚሻለው አጭር የቃል ጥያቄ ነው። ከክፍሉ የተወሰኑትን በዕጣ አውጡና ደውሉላቸው። "ይህን እንዴት ሠራኸው? ቁጥሩ 500 ቢሆን ምን ይቀየራል?" በሉ። ራሱ የሠራው ሰው ወዲያው ይናገራል። ያልሠራው "ቲቸር ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው" ሊላችሁ ይችላል፤ እውነትም ሊሆን ስለሚችል በሌላ ሰዓት ደግማችሁ ደውሉ።

ሙድል የሚያሳየውን የክሊክ ብዛት ግን ለብቻው አትመኑት። አንዱ ፋይሉን አሥር ጊዜ ከፍቶ አንድ ገጽ አላነበበ ይሆናል፤ ሌላው አንዴ አውርዶ ዳባት ላይ በወረቀት አትሞ ሲያጠና ከርሟል። ክሊክ የሚጠቅመው ማን እንደጠፋ ለማወቅ ነው። ሁለት ሳምንት ያልታየ ተማሪ ካለ ኢሜይል አትላኩ፣ ደውሉ። ሚድ ካለፈ በኋላ የጠፋ ሰው መመለሱ ከባድ ነው።

ምን እንቀይር?

ቪዲዮ የግድ ከሆነ አሳጥሩት። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ኤዴክስ በተባለው የኦንላይን ኮርሶች መድረክ ላይ የተሠራ ጥናት 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ እይታዎችን ተመልክቶ፣ ቪዲዮው የቱንም ያህል ቢረዝም ተመልካቹ በአብዛኛው ከስድስት ደቂቃ በላይ አብሮት እንደማይቆይ አግኝቷል። የሃምሳ ደቂቃውን ትምህርት ስድስት ቦታ ቆራርጦ መጫን ግን ማሳጠር አይባልም። እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ጥያቄ ይመልስ፣ በኋላው ደግሞ የሚሠራ አንድ ነገር ይከተል።

የሚከተለው ነገር ከቪዲዮው ይበልጣል። ያነበቡትን ደጋግመው ካነበቡት ይልቅ ወረቀቱን ዘግተው ለማስታወስ የሞከሩት ከሳምንት በኋላ የበለጠ እንደያዙት ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። ይህን መሥራት ቀላል ነው። በየሳምንቱ ሰኞ ማታ ያለፈውን ሳምንት የሚመለከቱ ሦስት ጥያቄዎች በቴሌግራም ኩዊዝ ልቀቁ። አንዱ ጥያቄ ከሦስት ሳምንት በፊት ከተማራችሁት ይሁን። ማርኩ ትንሽ ይሁን ወይም አይኑር። መቅረት ግን የለበትም፣ በእናንተም በኩል።

የቀጥታ ክፍለ ጊዜውን ለገለጻ አታባክኑት። ነጻው ዙም በ40 ደቂቃ ይቆረጣል፤ ለእኔ ያ በቂ ነው። ገለጻው ቀድሞ በድምፅ ይድረሳቸው፣ 40ው ደቂቃ ደግሞ በኩዊዙ የተሳሳቱበትን አብሮ መሥሪያ ይሁን። "ጥያቄ አለ?" ብላችሁ ዝምታ ከመጣ ገባቸው ብላችሁ አትለፉ። እኛ ጋ ተማሪ መምህሩን መጠየቅ እንደ ድፍረት የሚቆጠርበት ቤት ያደገ ብዙ ነው። "ሁላችሁም መልሳችሁን ቻት ላይ ጻፉ፣ ሦስት ብዬ እስክቆጥር ግን አትላኩ" በሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላችሁ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲልክ ጎበዙን አይቶ የሚገለብጥ የለም፣ ዝምተኛውም ይታያል።

አሳይመንት ስታርሙ 14 ከ20 ብሎ መመለስ ተማሪውን የትም አያደርሰውም። የጋራውን ስህተት በአንድ ድምፅ ለሁሉም አብራሩ፣ የግሉን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉለት። ሳምንት ሳይሞላ ይድረሰው። ከወር በኋላ የመጣ እርማት ማንም አያነበውም።

በአራተኛው ሳምንት ሁለት ጥያቄ በጽሑፍ ጠይቁ፦ እስካሁን ያልገባችሁ ምንድን ነው? አንድ ነገር እንድቀይር ብትፈልጉ ምን ይሆን? ስም አይጻፍ። ካነበባችሁ በኋላ በሳምንቱ ውስጥ መልስ ስጡ፤ ይህን እቀይራለሁ፣ ይህን አልቀይርም፣ ምክንያቱም እንዲህ ነው በሉ። ሳትመልሱ ከቀራችሁ ሁለተኛ አይጽፉላችሁም።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትቀይሩ። አንድ ነገር ቀይሩ፣ ሦስት ሳምንት ጠብቁ፣ በተመሳሳይ ጥያቄ ለኩ። አምስት ነገር ቀይራችሁ ውጤቱ ቢሻሻል የትኛው እንደሠራ በምን ታውቃላችሁ?

መጨረሻ ላይ የሚቀረው ከኮርሱ ውጪ ያለው ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1954 እ.ኤ.አ. የሕብረተሰብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ ሲጀመር የጤና መኮንኑ፣ ነርሷና የንጽሕና ባለሙያው በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ እየወጡ ነበር የሚሠለጥኑት። ችሎታው የሚታየው እዚያ ሥራው ላይ ነበር። እኛም የኮርሱን ፋይናል አርመን ከማረፍ ይልቅ፣ ቀጣዩን ኮርስ የሚሰጠውን መምህር ከሁለት ወር በኋላ እንጠይቀው፦ ልጆቹ ከእኔ ኮርስ ይዘው መምጣት የነበረባቸው ምን ጎደላቸው? ከመውጫ ፈተናው በፊት ዲፓርትመንቱ ሞዴል ፈተና የሚሰጥ ከሆነ የእናንተን ኮርስ ጥያቄዎች ለይታችሁ እዩ። ተግባር ልምምድ የወጡ ካሉ አለቃቸውን በስልክ ጠይቁ።

ያገኛችሁትን፣ የቀየራችሁትን፣ ያልሠራውንም ጨምራችሁ በአንድ ገጽ ጻፉት። ኮርሱ በሚቀጥለው ሴሚስተር ለሌላ መምህር ከተሰጠ ከስላይዱ ጋር አብራችሁ ስጡት።