ለኤፍፒጂኢኢ የምታነቡ፣ ይህን ክፍል አትዝለሉት

አገር ቤት ፋርማሲ ተምራችሁ አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ለማውጣት የምትዘጋጁ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ብዙ ሰው ለኤፍፒጂኢኢ (ውጭ አገር የተማሩ ፋርማሲስቶች ለአሜሪካ ፈቃድ የሚወስዱት ፈተና) ሲያነብ ፋርማኮሎጂና ክሊኒካል ላይ ተቸክሎ ይቀራል። የለመድነው እሱን ነዋ! ግን ከፈተናው አንድ አምስተኛ ገደማ የሚሆነው ስለ አሜሪካ የጤና ሥርዓት፣ ስለ ባዮስታቲስቲክስ፣ ስለ መድኃኒት ኢኮኖሚክስና ስለ ሙያ ሥነ ምግባር ነው። ሜዲኬርና ሜዲኬድ የሚባሉት የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድኖች በምን እንደሚለያዩ አገር ቤት ማን አስተማረን? ስለዚህ ከዚሁ ጀምሩ። እንግዳ ሆኖብን እንጂ ከባድ አይደለም፤ የስታቲስቲክሱን ቀመሮች በደንብ ከያዛችሁ ነጥቡ የእናንተ ነው።

ወረቀቱንም ከጥናቱ ጎን ለጎን አስኪዱ። ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ መላክ አለበት፣ የሬጅስትራርን ነገር ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ስለዚህ ወንድም ይሁን የድሮ ዶርም ጓደኛ እየተመላለሰ የሚያስጨርስላችሁ ሰው ዛሬውኑ ፈልጉ። ቶፍልን (የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተናውን) ግን በጣም አታስቀድሙት፣ ውጤቱ የሚያገለግለው 2 ዓመት ብቻ ነው። ንግግሩ ላይ በርቱ፣ ብዙ ሰው የሚይዘው እሱ ነው።

እስከዚያው ፋርማሲ ቴክኒሻን ሆናችሁ መሥራት ከቻላችሁ፣ የአሜሪካን የመድኃኒት ንግድ ስሞች ሳታስቡት ትለምዷቸዋላችሁ።